የድሮ የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል፦ ካንዴላውን ጠይቁት

የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካርቡሬተሩ፣ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ክፍል፣ ነው። ካቻቢቴ ይመጣል። የተገኘው ቪቴ ሁሉ ይዞራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል፤ ያኔ የመጀመሪያው የቱ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። ምንም ከማያስወጣው ጀምረን ኪስ ወደሚነካው እንሻገራለን። በመሃል አንድ ነገር ደጋግሜ አነሳለሁ፦ ካንዴላውን፣ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን የሚያነድደውን እሳት የሚሰጠውን ክፍል፣ አውጥታችሁ እዩት። ደረቅ ነው? በቤንዚን ርሷል? ውሃ አለበት? መልሱ ቀጥሎ የቱን እንደምትፈቱ፣ የቱን ደግሞ ጨርሶ እንደማትነኩ ይነግራችኋል።

የማወራው በገመድ ተስቦ ስለሚነሳ፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ ስለሚሰጠው የድሮ ቱ ስትሮክ ሞተር ነው። ያማሃ ኤንዱሮ 40ን እንደ ምሳሌ እይዛለሁ፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ለከባድ ሥራ የተሠራ፣ ክፍሎቹ ቀላል የሆኑ ሞተር ነው። ሌላ ማርክ ያላችሁም አብራችሁኝ ቆዩ። ቁጥሮቹ ቢለያዩ እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

መጀመሪያ ጀልባውን እሰሩት

ሐይቅ መሃል ከሆናችሁ ሞተሩን ከመክፈታችሁ በፊት መልሕቅ ጣሉ። መልሕቅ ከሌለ አንድ ሰው መቅዘፊያ ይያዝ። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ እናንተ ካንዴላ ስትፈቱ ጀልባው ወደፈለገው ይሄዳል። ጫሞ ላይ ደግሞ አዞዎቹ ፀሐይ ከሚሞቁበት ዳርቻ አጠገብ ሞተር ከጠፋ ጥገናው ይቆይ፤ ቀዝፋችሁ ራቁ።

ሲጋራ አይታሰብም። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉና ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። የቤንዚን ጭስ ከአየር ስለሚከብድ ከጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፤ ሜዳ ላይ እንደሚሆነው በነፋስ ቶሎ አይሄድም።

ሽፋኑን ሳትከፍቱ የሚታዩ ነገሮች

እነዚህ አምስት ደቂቃ አይፈጁም። ብዙ ጊዜ ጣጣው ያለው ግን እዚሁ ነው።

1. የደህንነት ገመዱ። ከነጂው እጅ ጋር የሚታሰረው ቀይ ጥምዝምዝ ገመድ ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ከማጥፊያው ሥር መግባት አለባት። ከሌለች ሞተሩ እሳት አይሰጥም፤ እስከ ማታ ብትስቡት አይነሳም። ኦርጅናሏ ጠፍታ በክርና በላስቲክ የተተካች ከሆነ ደግሞ በትክክል መቀመጧን በእጃችሁ አረጋግጡ።

2. ማርሹ። ፎሌ ላይ፣ ማለትም ወደፊትም ወደኋላም ባልገባበት ቦታ፣ መሆን አለበት።

3. የታንኩ ክዳን። ክዳኑ አናት ላይ ትንሽ የአየር ቪቴ አለች። ከተዘጋች ቤንዚን ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር አይገባም፤ ሞተሩ ይነሳና ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ እሺ አይልም። በጉዞ ላይ ቤንዚን እንዳይፈስ ይዘጓትና መክፈቱን ይረሱታል።

4. የቱቦው መግጠሚያዎች። በታንኩም በሞተሩም በኩል ቀጭ ብለው መግባት አለባቸው። ውስጣቸው ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት ከደረቀች ወይም ከተሰነጠቀች ቤንዚን ላያፈስ ይችላል፤ አየር ግን ይስባል። ውጭውን አይታችሁ ደህና ነው ማለት አትችሉም።

5. የጎማ ፓምፗ። ቱቦው መሃል ያለችውን ኳስ የምትመስል ፓምፕ ቀስቷ ወደ ሞተሩ እንዲያመለክት አድርጋችሁ፣ የቀስቱን ጫፍ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ጭመቁ። ውስጧ ያሉት ቫልቮች ቆማ ስትያዝ የተሻለ ይዘጋሉ። ጥቂት ስትጨምቋት ልትጠነክር ይገባል።

ፓምፗ ብዙ ትናገራለች። ሁልጊዜ ልፍስፍስ ከሆነች ወይ ታንኩ ባዶ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ አየር ይገባል፣ ወይ ራሷ አልቃለች። ከጨመቃችኋት በኋላ ጠፍጣፋ ሆና ከቀረች በታንኩ በኩል ተዘግቷል፤ የአየር ቪቴዋን ወይም ታንኩ ውስጥ ያለውን ወንፊት እዩ። ጠንክራ ሳለ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ችግሩ ከእሷ ወዲያ፣ ሞተሩ ላይ ነው። ጭራሽ ሳትጠነክር ከካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋው የካርቡሬተሩ መርፌ አልዘጋ ብሏል።

አነሳሱስ ትክክል ነው?

የድሮ ሞተር ሁሉ የራሱ አመል አለው። ቢሆንም ለቀዝቃዛ ሞተር መነሻው ይኸው ነው፦ ፓምፗን አጠንክሩ፣ ጋዙን መነሻ ምልክቱ ላይ አድርጉ፣ ቾኩን (አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን) ሳቡ። ገመዱን መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ሳቡና ሲይዛችሁ ቁሙ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጎትቱ። ከመጎተታችሁ በፊት ክንዳችሁ የሚወረወርበት ቦታ ላይ ሰው አለመኖሩን ዞር ብላችሁ እዩ። ሞተሩ "ቡፍ" ብሎ ልነሳ ሲል ቾኩን መልሱና እንደገና ሳቡ።

እዚህ ላይ የእኛ ሐይቆች አንድ ጠባይ አላቸው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐዋሳና ዝዋይም ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው። ጣና ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከፋብሪካ ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ እንደሚለው ቾክ ተስቦ ደጋግሞ መጎተት እኛ ጋ ሞተሩን ቶሎ ያፍናል። ሞተሩ ትንሽ እንኳ ሞቅ ካለ ያለ ቾክ ሞክሩት።

ታፍኗል እንበል። ቤንዚን ይሸታል፣ ገመዱን ስትስቡ ምንም ስሜት የለውም። ቾኩን መልሱ። የቤንዚን ቱቦውን ከሞተሩ ንቀሉ። ጋዙን እስከ ጥግ ክፈቱና ደጋግማችሁ ሳቡ፤ አየር እየገባ ትርፉን ያስወጣል። ሞተሩ በዚህ መንገድ ሲነሳ በከፍተኛ ዙር ስለሚጮህ እጃችሁ ጋዙ ላይ ይሁን፣ እንደተነሳ ወዲያው ቀንሱ፣ ቱቦውንም መልሱ። እምቢ ካለ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ አድርቁ።

ገመዱ ጭራሽ አልሳብ ካለ

ጉልበት አትጠቀሙ። ብዙ ያማሃዎች ማርሽ ውስጥ ሳሉ እንዳይነሱ ገመዱን የሚቆልፍ ነገር አላቸው። ማርሹ ፎሌ መስሎ ሙሉ በሙሉ ያልገባ ሊሆን ይችላል፤ ወደፊትና ወደኋላ አድርጋችሁ መልሱት። ቀጥሎ ፕሮፔለሩን እዩ። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮፔለር ላይ ሥር መጠምጠሙ የተለመደ ሆኗል፤ የዓሣ መረብ ግን ከእምቦጩም ይብሳል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ካንዴላዎቹን ፍቱና እንደገና በቀስታ ሳቡ። አሁን ከተሳበና ከካንዴላው ቀዳዳ ውሃ ከተረጨ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቷል። ካንዴላ ሳይፈታ በጉልበት ቢሳብ ኖሮ የሚታጠፈው ብረት ነበር። ካንዴላ ወጥቶም ካልተሳበ ፒስተኑ ነክሷል፤ ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

ካንዴላው ምን ይላል?

ጥቂት ጊዜ ከሳባችሁ በኋላ ሁለቱንም ካንዴላዎች አውጡ። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያቸውን ያለውን አሸዋና ጨው በጨርቅ ጥረጉ፤ ካልጠረጋችሁ ወደ ሲሊንደር ይገባል። የላይኛውን ከታችኛው ጋር አታደባልቁ። መጀመሪያ አሽትቷቸው። ከዚያ ጫፋቸውን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩ።

ደረቅ ከሆኑ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። ወደ ቤንዚኑ መስመር ሂዱ፤ የእሳቱን ነገር ለጊዜው ተዉት።

በቤንዚን ርሰው ከሆነ ቤንዚን ደርሷል ግን አልነደደም። ወደ እሳቱ ሂዱ። ካርቡሬተሩን አትንኩ።

ጫፉ ላይ እንደ ጤዛ ተለይቶ የተቀመጠ ጠብታ ካለ ውሃ ነው። ወይ ቤንዚኑ ውስጥ አለ፣ ወይ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እያስገባ ነው። የሚለየው በየትኛው እንደታየ ነው፦ ሁለቱም ላይ ካለ ቤንዚኑን፣ አንዱ ላይ ብቻ ካለ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ።

ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ዘይት በዝቷል ወይም ሞተሩ ሁልጊዜ በዝግታ ብቻ ነው የሚነዳው። ዓሣ አጥማጅ ቀኑን ሙሉ መረብ እየተከተለ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሄድ ይህ ብዙ ያጋጥመዋል። ቡናማ የቡና ቀለም ያለው ካንዴላ ጤነኛ ነው።

ለኤንዱሮ 40 የተለመደው ካንዴላ ኤን ጂ ኬ ቢ7ኤችኤስ ነው። የጫፉ ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። መጨረሻው ላይ 10 የተጻፈበት ቢ7ኤችኤስ-10 ደግሞ ለ1 ሚሊሜትር የተሠራ ነው። ሁለቱ ሲታዩ መንታ ናቸውና ስትገዙ ሳጥኑን አንብቡ፤ የእናንተ ሞተር የትኛውን እንደሚፈልግ ከመጽሐፉ ወይም ከሞተሩ ላይ ካለው ጽሑፍ እዩ። ሱቁ ውስጥ "የሞተር ሳይክል ነው፣ ይሠራል" ተብሎ የሚሰጣችሁ ካንዴላ ጥርሱ ከረዘመ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አቁማችሁ አመዛዝኑ።

እኔን ብትጠይቁኝ ሁለት አዲስ ካንዴላ ሳይዝ ሐይቅ የሚገባ ሰው ቁማርተኛ ነው። ታጥቦና ደርቆ የሚሠራ የሚመስል ካንዴላ ውጭ እሳት ሰጥቶ ውስጥ በግፊት ሲሆን ሊያቆም ይችላል። ከመመራመር በፊት አዲስ ግጠሙ።

ካንዴላው ርጥብ ከሆነ፦ እሳቱን መፈለግ

ካንዴላዎቹን ከነኬብላቸው ያዙ። ቱቦውን ከሞተሩ ንቀሉና በአካባቢው ቤንዚን አለመኖሩን አረጋግጡ። የሁለቱንም ካንዴላ ብረት ከሞተሩ ቀለም የሌለው ብረት ጋር አስነኩ፤ ማሳ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ የሆነውን የሞተሩን አካል) ማግኘት አለባቸው። አንዱን አንጠልጥላችሁ አትሳቡ፣ ሲዲአዩ፣ እሳቱን በጊዜው የሚልከው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ሊቃጠል ይችላል። ከካንዴላው ቀዳዳም አርቁዋቸው፤ ከዚያ የሚወጣው ጭስ ይነድዳል። በእጃችሁ አትያዙ፣ በደንብ ያስደነግጣል።

አሁን አንድ ሰው ገመዱን ፈጠን አድርጎ ይሳብ። በፀሐይ እሳቱ ስለማይታይ በኮፍያ ጋርዱት። ደማቅ ሰማያዊና "ጠቅ" የሚል ድምፅ ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው።

በአንዱ ላይ ብቻ ከጠፋ፦ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አቀያይሩ። ጥፋቱ ከካንዴላው ጋር ከዞረ አለቀ፣ ካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ የኬብሉን ጫፍ ተመልከቱ። የጎማ ቆቡ በብዙ ሞተሮች ላይ ኬብሉ ላይ እንደ ቪቴ የተጠመዘዘ ነው፤ ወደ ግራ እያዞራችሁ አውጡት። ውስጡ ያለው የመዳብ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡና ንጹሕ መዳብ ሲታይ መልሳችሁ ጠምዝዙ። አዲስ ቦቢና (የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚፈጥር የሽቦ ጥቅልል) ግዙ ከተባለባቸው ሞተሮች ስንቱ በዚህች ብቻ በዳነ።

በሁለቱም ላይ ከጠፋ ቦቢና ለመግዛት አትሩጡ። ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው የሚሞቱት አልፎ አልፎ ነው። የጋራ ነገር ፈልጉ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማጥፊያው ነው። ከማጥፊያው ቁልፍ የሚመጣውን ሽቦ፣ በብዙ ያማሃዎች ነጩን፣ ከመገጣጠሚያው ለጊዜው ለዩትና እንደገና ሞክሩ። እሳት ከመጣ ማጥፊያው ውስጡ ዝጓል ወይም ሽቦው ተልጦ ማሳ ነክቷል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ካስነሳችሁ በቁልፍ አይጠፋም፤ ቾኩን በመሳብ ወይም የቤንዚን ቱቦውን በመንቀል ታጠፉታላችሁ። ወደብ ለመድረስ ብቻ ይሁን። ማጥፊያ የሌለው ሞተር ይዞ መሥራት ሰው ውሃ ውስጥ የወደቀ ቀን ያስጠይቃል።

ሽቦው ተለይቶም እሳት ከሌለ የቀሩት ሲዲአዩና ከቮላኖው (ሞተሩ አናት ላይ ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ሥር ያሉት ቦቢናዎች ናቸው። በቴስተር ይለካሉ፣ ቁጥሩ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የሞዴላችሁን መጽሐፍ ያልያዘ ሰው "ተቃጥሏል" ቢላችሁ በግምት ነው። ከተቻለ ከሚሠራ ተመሳሳይ ሞተር ሲዲአይ ተውሳችሁ ሞክሩ።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ፦ ቤንዚኑን መከተል

ከታንኩ ጀምራችሁ ወደ ሞተሩ ሂዱ። ቱቦውን ከሞተሩ ንቀሉ፤ የመግጠሚያውን ትንሽ ኳስ በምስማር ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ብርጭቆ ላይ ፓምፗን ጭመቁ። በደንብ ከፈሰሰ ታንኩና ቱቦው ደህና ናቸው። አረፋ እያወጣ ከመጣ አየር ይስባል።

ብርጭቆ ውስጥ ያለውን እንዳትደፉት። አስር ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። ውሃ ካለ ሥሩ ላይ ተለይቶ ይታያል። ቤንዚኑ ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ እርጥበት ስለሚስብ፣ ግማሽ ታንክ ሆኖ ወራት የቆየ ከሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ካለው ደግሞ አርጅቷል፤ አዲስ በመቀላቀል አይድንም።

ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን መግዛታችን አይቀርም። ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ከሆነ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ይነሳና ጠዋት በብርዱ አሻፈረኝ ይላል። ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ጠብታ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። ቅባታም ክብ ምልክት ትቶ ከቀረ አትጨምሩት።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር። ኤንዱሮና ብዙ እንደሱ ያሉ የድሮ ሞተሮች ሃምሳ እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት ይወስዳሉ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ፒስተን ወይም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ተቀይሮ በማለማመድ ላይ ያለ ሞተር እጥፉን፣ 800 ሚሊ ሊትር፣ ይወስዳል። "ለጤንነቱ" እያሉ በዓይን ግምት ዘይት ማብዛት ካንዴላ ማጥቆር ነው። ዘይቱ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል የጀልባ ቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን፤ የመኪና ዘይት ፋሻውን ያጣብቃል።

ቤንዚኑ ጥሩ ሆኖ ካንዴላው አሁንም ደረቅ ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊልትሮ እዩ። በአብዛኛው በእጅ ትፈታለች። ቀጥላ የቤንዚን ፓምፗ አለች፤ ውስጧ ስስ የጎማ ሽፋን አለ፣ በሞተሩ ውስጣዊ ግፊት እየተንቀጠቀጠ ቤንዚን ይገፋል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ሰው የጎማ ፓምፗን እየጨመቀ ብቻ የሚሠራ፣ ሲተው የሚሞት ከሆነ ሽፋኑ ተቀዷል ወይም ደርቋል። ሽፋኑንና ጓርኒሲዮኖቹን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ሙሉ ፓምፕ አትግዙ።

ካርቡሬተሩ፣ አሁን ተራው ነው

እሳት አለ። ጥሩ ቤንዚን እስከ ካርቡሬተሩ ይደርሳል። ሞተሩ ግን ወይ አይነሳም፣ ወይ በቾክ ብቻ ተነስቶ ቾኩ ሲመለስ ይሞታል። ይህ ሁለተኛው ምልክት የትንሿ ጂግለር፣ ቤንዚኑን የምትመጥነው ባለ ቀዳዳ ነሐስ፣ መደፈን ነው። ቤንዚን ካርቡሬተር ውስጥ እንዳለ ወራት ሲቀመጥ ይተናል፣ ሙጫው ይቀራል፤ መጀመሪያ የሚደፈነው ቀጭኑ ቀዳዳ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቪቴ ክፈቱና የሚወጣውን በነጭ ዕቃ ተቀበሉ። ምንም ካልወጣ መርፌው ተጣብቋል። ውሃ ወይም አረንጓዴ ቆሻሻ ከወጣ ማጽዳት ግድ ነው። ንጹሕ ቤንዚን በደንብ ከፈሰሰ ምናልባት መፍታት ላያስፈልግ ይችላል፤ እሳቱን ድጋሚ አረጋግጡ።

መፍታት ካለባችሁ፦

1. ስልካችሁን አውጡና ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። የትኛው ቱቦ የት እንደሚገባ፣ የጋዙ ዘንግ በየትኛው ቀዳዳ እንዳለ።

2. የዝቅተኛ ዙር ማስተካከያዋን ቪቴ ከማውጣታችሁ በፊት ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ስንት ዙር ሄዳ እንደምትቀመጥ ቁጠሩ። ለምሳሌ አንድ ዙር ተኩል። ጻፉት። ስትቀመጥ አታጥብቋት፣ ጫፏ ይበላሻል።

3. ሥሩን ያለውን ሳህን ፍቱ። ጋለጃንቴውን (ተንሳፋፊውን) የያዘችውን ቀጭን ሚስማር በቀስታ ግፉ፤ መርፌዋ አብራ ስለምትወጣ ጨርቅ ላይ ሁኑ። ጀልባ ላይ ይህን ሥራ መሥራት መርፌዋን ለዓሣ መስጠት ነው።

4. ጂግለሮቹን አፋቸውን በሚሞላ ካቻቢቴ አውጡ። ነሐስ ስለሆኑ በትንሽ ካቻቢቴ ይላጣሉ። ወደ ብርሃን አንስታችሁ በቀዳዳው እዩ። ፍጹም ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ከሆነ ገና አልጸዳም።

5. በካርቡሬተር ማጽጃ ንከሯቸው። ካልለቀቀ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ነጠላ የመዳብ ፀጉር መዝዛችሁ አሳልፉ። መርፌና የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ያኔ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ይበላል። ጎማና ፕላስቲክ ያለበትን ነገር ማጽጃው ውስጥ አትዘፍዝፉ።

6. መንገዶቹን ሁሉ በአየር ንፉ። ኮምፕረሰር ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለ ጎሚስታ አለው። ዓይናችሁን ጠብቁ፣ የሚረጨው ቤንዚን ነው።

7. ስትገጥሙ የጻፋችሁትን ዙር መልሱ። ጓርኒሲዮኑ ከተቀደደ አዲስ አድርጉ፤ በማስቲሽ መለጠፍ ቀዳዳዎቹን መልሶ ይደፍናል።

እሳትም ቤንዚንም አለ፣ አሁንም አይነሳም

የቀረው የግፊት ነገር ነው። ፈጣኑ ፈተና አውራ ጣት ነው፦ ካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጣታችሁን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሰው ገመዱን ይሳብ። ጣታችሁን መግፋት አለበት። ከዚያ ወደ ሌላው ሲሊንደር። አንዱ በግልጽ ከደከመ አገኛችሁት።

ትክክለኛው ፈተና ግን በግፊት መለኪያ የሚደረገው ነው። ሁለቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ኬብሎቹ ማሳ ይዘው፣ ጋዙ እስከ ጥግ ተከፍቶ ቁጥሩ መጨመር እስኪያቆም ይሳባል። እዚህ ላይ ከፍታውን አትርሱ። በባሕር ጠለል 120 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ጣና ላይ ከ100 ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢያሳይ አልታመመም። በዚህ ምክንያት ብቻ "ፋሻው አልቋል" ተብሎ የሚከፈት ሞተር አይጠፋም። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ከአስር በመቶ በላይ ከተራራቁ ችግር አለ።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተለወጠ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ፒስተኑ ነው። የተጣበቀ ፋሻ አንዳንዴ ማጽጃ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈስሶበት ሲያድር ይለቃል፤ ከመክፈታችሁ በፊት ይሞከራል።

ግፊቱም ደህና ሆኖ ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል የሚያስነጥስ፣ ወይም ገመዱን ከእጃችሁ መንጭቆ የሚመልስ ከሆነ የቮላኖውን ቁልፍ ጠርጥሩ። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታስተካክል ትንሽ ብረት አለች። የላይኛው ብሎን ሲላላ ትቆረጣለች፣ እሳቱም ያለ ጊዜው ይመጣል። ቮላኖውን የሚያወጣው መጎተቻ ነው። በመዶሻ አትምቱት፤ ሥሩ ያሉት ማግኔቶች ይሰነጠቃሉ፣ ዘንጉም ይጎዳል።

በባትሪ የሚነሳ ሞተር ያላችሁ፣ ሞተሪኖው (በባትሪ የሚሠራው ማስነሻ) "ጠቅ" ብቻ ካለ የባትሪውን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ፊውዙን እዩ። ከዚያ በላይ ሳትሄዱ በገመድ ሞክሩት።

ከተነሳ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወደ ኋላ እዩ። ከጎኑ ቀጭን ውሃ መትፋት አለበት። ካልተፋ አጥፉ። ቀዳዳዋ በጭቃ ተደፍና ከሆነ በሽቦ ጫፍ ትከፈታለች። ከተከፈተችም በኋላ ውሃ ከሌለ ታች ያለው መግቢያ በእምቦጭ ወይም በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ አለበለዚያ የውሃ ፓምፑ ጎማ አልቋል። ደረቅ መሬት ላይ "ለአንድ ደቂቃ ብቻ" ብላችሁ አታስነሱት፤ ያ ጎማ ያለ ውሃ ለመቃጠል ደቂቃም አይፈልግም። ቤት ስትሞክሩ ውሃ የሞላ በርሜል ተጠቀሙ፤ ውሃው የታችኛውን መግቢያ በደንብ ማለፍ አለበት፣ ማርሹም ፎሌ ይሁን።

ለጥቂት ቀን ሥራ ከሌላችሁ ወደብ ስትደርሱ የቤንዚን ቱቦውን ንቀሉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚቀረውን ጥቂት ቤንዚን ከሥሩ ባለችው ቪቴ አፍስሱት። የታንኩን የአየር ቪቴ ዝጉ፤ በሚቀጥለው ጉዞ የሚነዳው ሌላ ሰው ከሆነ መዘጋቷን ንገሩት።